ፍላንደርስን በብስክሌት፦ ከየት እንጀምር ላላችሁኝ

ሰሞኑን ከተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደረሰኝ። ቤልጅየም ዘመድ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ፍላንደርስ ውስጥ፣ ማለትም ደችኛ በሚነገርበት የአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ ብስክሌት መንዳት ይፈልጋሉ፤ የት እንሂድ ነው ጥያቄው። የብዙዎቹ ልብ ያለው ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢኒያም ግርማይ ጋ ነው። አይፈረድባቸውም። የአስመራው ልጅ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2022 ጌንት–ወቨልገም የተባለውን ውድድር ሲያሸንፍ፣ ከኮብልስቶን ክላሲኮች፣ ማለትም በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ከሚካሄዱት ታላላቅ የአንድ ቀን ውድድሮች፣ አንዱን የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ያን ቀን እኔም ቤቴ ውስጥ ጮኼአለሁ። ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ኮብልስቶን ዳገቶቹ ነው።

እኔ የምለው ግን፣ ዳገቶቹን ለሁለተኛው ቀን አቆዩአቸው። የመጀመሪያውን ቀን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሊምቡርግ ክፍለ ሀገር ሂዱ።

ምክንያቱ የቁጥሮቹ መንገድ ነው። እዚያ የብስክሌት መንገዶች የሚገናኙበት እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። በደችኛ «ክኖፕፑንት» ይሉታል። አንዱ ቁጥር ላይ ስትደርሱ፣ ወደሚቀጥሉት ቁጥሮች የሚወስደውን አቅጣጫ ቀስት ያሳያችኋል። ጠዋት ካርታ ትከፍታላችሁ፤ የምታልፉባቸውን ቁጥሮች በተራ ትጽፋላችሁ፤ ወረቀቷን መሪው ላይ ትለጥፋላችሁ። አለቀ። ከደከማችሁ ከመሃል አጠር አድርጋችሁ ትመለሳላችሁ። አየሩ ካማረ ሁለት ቁጥር ትጨምራላችሁ። መንገድ መጠየቅ ለሚያሳፍረው ሰው፣ ደችኛ ለማይችል ሰው፣ ከልጆች ጋር ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ሐሳቡን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ነው። ሊምቡርግ የድንጋይ ከሰል አገር ነበር፤ የመጨረሻው ጉድጓድ የተዘጋው በ1992 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከመሬት በታች ባሉት ዋሻዎች መጋጠሚያዎች በቁጥር ይለያሉ። ሰውየው ያንኑ ዘዴ ወደ ላይ አወጣውና በ1995 ለብስክሌት መንገድ አዋለው። ከዚያ ወደ መላው ፍላንደርስ፣ ወደ ኔዘርላንድስም ተስፋፋ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እያንዳንዷን ቁጥር ሳይ የማዕድን ሠራተኞቹ ይታወሱኛል።

እዚያው ሊምቡርግ ውስጥ ሦስት ልዩ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ጌንክ አጠገብ ቦክሬይክ ያለው ነው። መንገዱ ኩሬውን ከሁለት ይከፍለዋል። ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ውኃው በግራና በቀኝ ዓይናችሁ ትክክል ነው። ዳክዬዎች ፊት ለፊታችሁ ይዋኛሉ። ሁለተኛው ሄክተል-ኤክሰል ያለው የጫካ መንገድ ነው፤ 700 ሜትር ነው፤ ክብ እየሠራ ቀስ ብሎ ይወጣና ጥዶቹ መሃል እስከ 10 ሜትር ከፍታ ያደርሳችኋል። ሦስተኛው ማስሜኸለን አካባቢ ያለው ረጅም የእንጨት ድልድይ ነው፤ ቁጥቋጦ ሜዳ ላይ ያልፋል። አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ውኃው። ልጆች ካሉ ግን ጫካው፤ መውጣቱም መውረዱም ለእነሱ ጨዋታ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክሩ። ይራራቃሉ። የበጋ ቅዳሜና እሑድ በጣም ስለሚጨናነቁ በጠዋት ድረሱ።

ስለ አፕ ጠይቃችኋል። ለቁጥሮቹ መንገድ «ፊትስክኖፕ» ይበቃል፤ ቁጥሮቹን እየነካችሁ ርቀቱን ይደምርላችኋል። «ኮሙት» የሚጠቅመው ከቁጥሮቹ ስትወጡ፣ መንገዱ አስፋልት ይሁን ጠጠር ማወቅ ስትፈልጉ ነው። ያም ሆኖ ወረቀቷን አትተዉ። ዝናብ ሲዘንብ የስልክ ስክሪን ጣት አይሰማም፤ እዚህ ደግሞ ዝናብ ብርቅ አይደለም።

ብስክሌቱስ? ባቡር ጣቢያዎች ላይ «ብሉ-ባይክ» የሚባል የኪራይ ብስክሌት አለ። አባል ትሆናላችሁ፤ ከባቡር ወርዳችሁ ብስክሌቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ለከተማና ለሜዳ ጥሩ ነው። ለኮብልስቶን ዳገት ግን በፍጹም አልመክርም፤ ከባድ ነው፤ ማርሹም አይበቃም። የራሳችሁን ብስክሌት ባቡር ላይ ለመጫን ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት ትቆርጣላችሁ። ታጣፊ ከሆነችና ካጠፋችኋት ግን በነፃ ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው ታጣፊዋ ትሻላለች።

ጉልበት ለሚያማቸው ወላጆች ኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራዩ። ስትከራዩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ እገዛ የሚያቆመውን በሉ። እስከ 45 የሚሄደው ታርጋና የራስ ቁር ይፈልጋል፤ ሕጉ ሌላ ነው። ከየትም ተከራዩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨምቃችሁ ሞክሩ። እኔ አንዴ ሳልሞክር ይዤ ወጣሁ። ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ፤ ሸራው ተበልቶ አልቆ ነበር። ከዳር ያለ ሣር ነው ያተረፈኝ። እጄ ለሳምንት ሲያመኝ ሰነበተ።

አሁን ወደ ዳገቶቹ። መነሻችሁን አውደናርደ አድርጉ። የ«ቱር ኦፍ ፍላንደርስ» ውድድር፣ በ1913 የተጀመረው፣ ከ2012 ወዲህ የሚጨርሰው እዚያ ነው። የውድድሩ ሙዚየምም መሃል ከተማው ውስጥ አለ። ከሙዚየሙ ተነስተው ዳገቶቹን የሚዞሩ በቀለም የተለዩ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ምልክቱን መከተል ብቻ ነው። እኔ ሰው ስወስድ ሦስት ዳገት ይበቃል እላለሁ።

አውደ ክዋሬሞንት ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ብዙም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ግን ቶሎ አያልቅም። ፓተርበርግ 360 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ቦታ ተዳፋቱ 20 በመቶ ይደርሳል። ኮፐንበርግ 22 በመቶ፣ ያውም ሸካራና ጠባብ ነው። በ1987 የዴንማርኩ የስፐር ስኪቢ ብቻውን እየመራ እዚያ ወደቀ፤ የዳኞች መኪና ብስክሌቱ ላይ ወጣበት። ከዚያ በኋላ እስከ 2002 ድረስ ዳገቱ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር። ስትቆሙበት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የእኛን የሰፈር ኮብልስቶን የሚያውቅ ሰው «ምን አላት» ሊል ይችላል። ይለያያል። የእኛ በእኩል የተጠረበ ነው። የእነሱ ድንጋይ አናቱ ክብ ነው፤ ክፍተቱም ሰፊ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ጎማ ምረጡ፤ ነፋሱንም ትንሽ ቀንሱ። ጎማው ጠጥሮ ከተነፋ እያንዳንዱ ድንጋይ ክንድ ውስጥ ይገባል። መሪውን ጨምቃችሁ አትያዙ። መሃል መንገዱን ያዙ፤ እዚያ ትንሽ ይሻላል። በተለይ እርጥብ ሲሆን ከኮርቻው አትነሱ፤ ክብደታችሁ ከኋላው ጎማ ላይ ሲነሳ ጎማው ይንሸራተታል። ቀላሉን ማርሽ ዳገቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ ከገባችሁ በኋላ መቀየር ሰንሰለት ያወልቃል። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ኮፐንበርግ ላይ ባለሙያዎቹም ገፍተዋል።

ውድድሩን ማየት ለምትፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ነው። የሴቶቹም ውድድር በዚያው ቀን ይካሄዳል፤ በ2004 ነው የተጀመረው። በዋዜማው ቅዳሜ ለሁሉም ክፍት የሆነ የብስክሌት ጉዞ አለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በእነዚያው ዳገቶች ይወጣል። የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ማየቱ ይሻላል። ቅዳሜ ዳገቶቹ ላይ ሰው በሰው ነው፤ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይወርዳል። ዳገቶቹን በሌላ ቀን፣ በሰላም ውጡ። እሑድ ደግሞ ክዋሬሞንት ቆማችሁ ዘምሩ።

ቀለል ያለ ግማሽ ቀን ከፈለጋችሁ፣ ከብሩጅ ወደ ዳመ የሚወስደው የቦይ ዳር መንገድ አለ። ሜዳ ነው፤ ከግራ ከቀኝ ረጃጅም ዛፍ ነው። አንትወርፕ ከሆናችሁ በ1933 የተከፈተውን የሴንት አና ዋሻ እለፉበት። ከ500 ሜትር በላይ ነው፤ ከወንዙ በታች ያልፋል። ብስክሌታችሁን ይዛችሁ የምትወርዱበት የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ወደ ኢፐር ከተማ፣ ቢኒያም ወዳሸነፈበት ወገን ሂዱ። ኬመልበርግ የሚባለውን ዳገት ጠዋት ውጡ። ቀኑን ሙሉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መቃብሮች መሃል ትነዳላችሁ፤ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ጉልበት ሳለ ወደዚያ ንዱና ስትመለሱ ይግፋችሁ። ማታ ከ8 ሰዓት በፊት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ኢፐር ውስጥ ያለው የጦርነቱ መታሰቢያ፣ ሜኒን በር፣ ድረሱ። መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54 ሺህ በላይ ወታደሮች ስም ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። በዚያ ሰዓት መኪና ይቆማል፤ ጥሩምባ ይነፋል። በ1928 ተጀምሮ ከ1929 ወዲህ፣ ከተማው በጀርመን ከተያዘበት ጊዜ በቀር፣ በየምሽቱ እንዲሁ ነው። ብስክሌታችሁን ዳር አስደግፉና የራስ ቁራችሁን አውልቃችሁ ቁሙ።