እምነት በዓይን ከገባ ይቆጠራል?

ጥግ_ወንበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። ለመጠመቅ ትምህርት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ትምህርተ ክርስቶሱን ስከፍት ግን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። ወደ ካቶሊክ የሳበኝ አንድ ፎቶ ነው፤ ቀራጩ ማይክል አንጄሎ ከድንጋይ የሠራው «ፒየታ» የሚባል ቅርጽ። ቅርጹን ሲጨርስ ገና 24 ዓመቱ ነበር አሉ። ማርያም የልጇን አስከሬን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አታለቅስም። ቀኝ እጇ ብብቱ ሥር ገብቶ ደግፎታል፤ ጣቶቿ ሲጫኑት ድንጋዩ እንደ ሥጋ ጎድጎድ ብሏል። ግን ገላውን በባዶ እጇ አልነካችውም፣ መሃል ላይ ጨርቅ አለ። ግራ እጇ ደግሞ ክፍት ነው፤ «እንካችሁ» የምትል ይመስላል።

ይሄ እምነት ነው ወይስ ጥበብ መውደድ? መምህሬ «ስሜት ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። ከፋኝ።

የሠርክ_ሰው፦
እህቴ፣ ፖል ክሎዴል የሚባል ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የገና ዕለት፣ በ18 ዓመቱ፣ ፓሪስ ኖትር ዳም ገባ። እምነት የለውም፤ ለጽሑፉ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነው የሄደው። በሠርክ ጸሎት መዘምራኑ የማርያምን የምስጋና ጸሎት ሲዘምሩ ልቡ ተነካ፤ አመነ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ቁርባን የተቀበለው ግን ከ4 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ከራሱ ጋር ሙግት ነበር። ስለዚህ መምህርሽም ግማሽ እውነት አላቸው።

ቆፍጣናው፦
እኔ ውበት ሲበዛ እጠራጠራለሁ። ፈረንሳዊቷን መነኩሲት፣ የሊዝዩዋን ቅድስት ትሬዛ፣ በሥዕል አይታችኋት ይሆናል፤ ጽጌረዳ ታቅፋ፣ ፊቷ ማር መስሎ። ገዛ እህቷ ሴሊን ናት ፎቶዎቿን ስታሳምር የኖረችው። እኔን የያዘችኝ ግን ያልተሳመረችው፣ እውነተኛዋ ትሬዛ ናት። ማታ በጽሞና ሰዓት ከኋላዋ የምትቀመጥ መነኩሲት ነበረች፤ ሁለት ዛጎል ሲፋተግ ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። ትሬዛ ዞር ብላ ልትገላምጣት አማራት። እስኪያልባት ታገለች። በመጨረሻ ድምፁን እንደ ሙዚቃ ለማዳመጥ ሞከረች፤ የዚያን ማታ ጸሎቷ እሱው ሆነ። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም። በ1897 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ እሷም 24 ዓመቷ ነበር። አጠገቤ አፉን የሚያንጫጫ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ እገላምጣለሁ።

ንባብ_ወዳድ፦
በመጽሐፍ የገባም አለ እኮ። ኤዲት ሽታይን አይሁዳዊት ፈላስፋ ነበረች። በ1921 ክረምት ወዳጆቿ ቤት የአቪላዋን ቅድስት ትሬዛ (ይቺ ደግሞ ሌላ ትሬዛ ናት) የሕይወት ታሪክ አነሳች፤ ከዚያ ማስቀመጥ አቃታት። በተከታዩ ጃንዋሪ 1 ተጠመቀች። ኋላ መነኮሰች፤ በ1942 ኦሽዊትስ ገደሏት። የሌላ ሴት ሕይወት ነው እዚያ ድረስ ያደረሳት።

ጥግ_ወንበር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቆፍጣናው፣ አሳቅከኝ። ፎቶውን ደግሜ ከፈትኩት፤ ዓይኔ ያቺ ጨርቅ ላይ ቀረ። ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ሲባርኩ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ በሚደረበው ልብስ ይሸፍናሉ አይደል? ነገሩ አንድ ነው እንዴ?

የሠርክ_ሰው፦
አዎ፣ በባዶ እጅ አይዙትም። ከፒየታው ጋር ማያያዙን ግን እኔም ካንቺ ነው የሰማሁት። መምህርሽን ጠይቂያቸው።

ጥግ_ወንበር፦
ሐሙስ እጠይቃቸዋለሁ። የዚያን ቀን እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም መሰለኝ።