ካሣ ተከፍሎ ቦታው ለምን አይለቀቅም? የመንገድ ወሰን ማስከበር ላይ ጥያቄ

ጣቢያ ዜሮ
ሰላም ለሁላችሁ። 58 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት የሚያድግበት ፕሮጀክት ላይ የወሰን ማስከበሩን (ለመንገዱ የሚያስፈልገውን መሬት ካሣ ከፍሎ ነጻ የማድረጉን) ሥራ የሚያስተባብር ሰው በምን ቅደም ተከተል ቢይዘው ይሻላል? መንገዱ አብዛኛው በእርሻ ውስጥ ያልፋል፣ ሁለት የወረዳ ከተሞችንም ያቋርጣል። የመሬት ማስለቀቂያና የካሣ አዋጁን 1161/2011ንም ማስፈጸሚያ ደንቡን 472/2012ንም አንብቤያለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ይገባኛል። መሬት ላይ ሲወርድ ነው የሚምታታው። የንብረት ቆጠራው መቼ ይጀመር? የካሣ ሰነዱ ለምን እየተመላለሰ ይቆያል? ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላስ ቦታው ለምን አይለቀቅም? ተቋራጩ ደግሞ «ሳይት አልተረከብኩም» የሚል ደብዳቤ ማዝነቡን አላቆመም።

ወሰን ድንጋይ
ወንድሜ፣ ችግሩ ክፍያ ላይ ይታይ እንጂ የሚወለደው ቆጠራ ላይ ነው።

የመንገዱ መሃል መስመር ሳይጸድቅ የንብረት ቆጣሪ ኮሚቴ ይዘህ እርሻ ውስጥ አትግባ። መጀመሪያ ሰርቬየሩ መሃል መስመሩን፣ ቀጥሎ የግራና የቀኝ ወሰኑን በየ20 ሜትሩ ችካል ይትከል። ወሰኑ እንደ መንገዱ ደረጃ 50 ወይም 30 ሜትር ተብሎ ይሰጥሃል። ሙሌት (በአፈር የሚሞላው) ወይም ቆረጣ (ተቆርጦ የሚነሳው) ከፍ በሚልበት ቦታ ግን የሙሌቱ እግር ወይም የቆረጣው አናት ከዚያ ያልፋል። ይህን ክሮስ ሴክሽኑ (የመንገዱ የአግድም ቁራጭ ሥዕል) ላይ አይተህ ቀድመህ ካላሰፋህ፣ ዶዘሩ ካሣ ያልተከፈለበት ማሳ ላይ ይቆማል፤ ለሦስት ሜትር መሬት ሙሉ ኮሚቴ እንደገና ታስወጣለህ።

የቆጠራ ቅጹ ላይ እያንዳንዱ መስመር ጣቢያውን (ከመንገዱ መነሻ ያለውን ርቀት) ከስንት እስከ ስንት፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን፣ ከመሃል መስመር ያለውን ርቀት፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለውን ስምና የማሳውን ቁጥር፣ የንብረቱን ዓይነትና ብዛት ይያዝ። ባለይዞታው፣ የቀበሌው ተወካይና ኮሚቴው እዚያው ማሳው ላይ ይፈርሙ። ቢሮ ተገብቶ የሚፈረም ቆጠራ በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል። ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ ለተሠራ ቤትም ሆነ ለተተከለ ችግኝ ካሣ የለም። ይህ የሚጸናው ግን በዕለቱ የነበረውን ማሳየት ስትችል ነውና መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቪዲዮ አስቀርጽ፤ ቀኑና ጣቢያው ይነበብ።

ሰነድ የሚመለሰው በአብዛኛው በጥቃቅን ነገር ነው። ደብተሩ ላይ «ወ/ገብርኤል»፣ መታወቂያው ላይ «ወልደገብርኤል»፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የልጁ ስም። ባለይዞታው ሞቶ ወራሾቹ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ አልያዙም። የተወሰደው ስፋት ሲደመር ደብተሩ ላይ ካለው የማሳ ስፋት ይበልጣል። የነጠላ ዋጋ ጥናቱ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ አልተያያዘም። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ገጽማ ፋይናንስ አያየውም። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ ክፍያው በጋራ ሒሳብ ይግባ፤ ለአንዱ ብቻ የተከፈለ ካሣ በሌላው አቤቱታ እንደሚታገድ አስቀድመህ ቁጠረው።

ቀመር
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ስሌቱ ላይ ግን ከዚያ የባሰ ጣጣ አለ። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የገጠር የማፈናቀያ ካሣ የሚሰላው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። አሁን ያለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው የድሮ ፎርም ግን ዛሬም አማካይ ያወጣል፤ ማባዣውን 15 አድርገው አማካዩን የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ለማሳያ ያህል (ዋጋው የእኔ ግምት ነው)፦ 0.2 ሄክታር የጤፍ ማሳ፣ ከሦስቱ ዓመታት በተሻለው 3.4 ኩንታል ሰጠ እንበል። በ9,000 ብር ሲባዛ 30,600፣ ጭዱ 2,400 ቢታከልበት የዓመቱ ገቢ 33,000 ብር ይሆናል። በ15 ሲባዛ 495,000 ብር። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠው ግን የሚከፈለው የአንድ ዓመቱ 33,000 ብቻ ነው። ስለዚህ «ምትክ አለ ወይስ የለም» የሚለውን የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ካላረጋገጠ ስሌቱን አትጀምር። በቃል «አለ» ተብሎ ተሰልቶ፣ ኋላ መሬቱ ሲታጣ ጠቅላላ ፔሮሉ (የክፍያ ዝርዝሩ) ይፈርሳል።

ባሕር ዛፍ በጥቅሉ «200 እግር» ተብሎ አይጻፍም። ችግኝ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ፣ ግንድ እየተባለ በውፍረቱ ይለይ፤ የዋጋው ልዩነት የትየለሌ ነው። ቡናና ፍራፍሬ ምርት የጀመረውና ያልጀመረው ለየብቻ ይቆጠር።

ከፊሉ ወሰን ውስጥ የገባ ቤት ሲያጋጥም የተቆረጠውን ካሬ ሜትር ብቻ መለካት የተለመደ ስህተት ነው። ተሸካሚው ግድግዳ ወይም የጣሪያው ወራጅ ከተነካ ቀሪው አይቆምም፣ ከተማ ውስጥ ከሆነም ከፕላኑ ጋር ላይስማማ ይችላል። ሙሉውን አስገምተው። የቤት ካሣ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዋጋ ነውና «አሮጌ ነው» ብሎ መቀነስ አይቻልም።

አንቀጽ 2.1
እኔ ከቅደም ተከተሉ ልነሳ። «ከጣቢያ ዜሮ ጀምረን እየገፋን እንክፈል» የሚለው ለፋይናንስ ይመቻል እንጂ ለግንባታው አይበጅም። መጀመሪያ ነጻ መሆን ያለባቸው ድልድይና ትልልቅ ካልቨርት (በመንገድ ሥር ውሃ ማሳለፊያ) ያሉባቸው፣ ጥልቅ ቆረጣና ከፍተኛ ሙሌት የሚበዛባቸው ጣቢያዎች ናቸው፤ ረጅም ጊዜ የሚበሉት እነሱ ናቸውና።

ወሰን ድንጋይ
በድልድዩ እስማማለሁ። ሌላውን ግን ቆራርጦ ማስረከብ መዘዝ አለው። 40 ኪሎ ሜትር ተለቅቆ በመካከሉ 15 ቦታ ላይ አንዳንድ ቤት ከቀረ፣ ተቋራጩ ማሽን እያመላለሰ ሠርቶ የማመላለሻውን ይጠይቃል። ከድልድዮቹ ቀጥሎ ቢያንስ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ያልተቆራረጠ ብትሰጠው ነው የሚበጀው።

አንቀጽ 2.1
ይሁን፣ አምስት ኪሎ ሜትሩ ያስኬዳል።

ስለ ደብዳቤው፦ ውሉ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ) ከሆነ ሳይት ማስረከብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ተቋራጩ ጊዜም ወጪም ይጠይቃል። የክሌም (የጊዜና የወጪ ጥያቄ) ማሳወቂያው ግን በ28 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። አንተ የምትከላከለው አንድ ረጅም ሰንጠረዥ ይዘህ ነው፦ በየ100 ሜትሩ ግራና ቀኝ መቼ ተቆጠረ፣ መቼ ተከፈለ፣ መቼ ተለቀቀ፣ ተቋራጩ መቼ ፈርሞ ተረከበ፣ ማሽኑስ መቼ ገባ። የመጨረሻዋን ዓምድ ብዙዎች ይዘሏታል። ከተረከበ አራት ወር ቆይቶ የገባ ተቋራጭ ያንን አራት ወር በወሰን ማስከበር ላይ ሊያላክክ አይችልም።

ገንዘቡ ተከፍሎ ቦታው የማይለቀቀው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሕጋዊ ጊዜው ነው፤ ተነሺው ካሣውን ከተቀበለ በኋላ 120 ቀን አለው፣ ንብረት የሌለበት መሬት ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ይለቀቃል። መርሐ ግብሩ ይህን ካልያዘ ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። ሁለተኛው፣ የከተማ ተነሺ ምትክ ቦታው ካርታ ላይ ተሰጥቶት ሜዳ ላይ ግን አልተሸነሸነም፤ ካሣ በኪሱ ይዞ የት ይሂድ? ሦስተኛው አፍራሽ አለመኖሩ ነው። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ባለቤቱ ይውሰድ፣ የቀረውን ተቋራጩ ያንሳ ብላችሁ ቀን ቁረጡና በቃለ ጉባኤ ያዙ። የተለቀቀ ቦታ ወዲያው አፈሩ ካልተገፈፈ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይታረሳል፣ በከተማ ደግሞ የላስቲክ ሱቅ ይቆምበታል።

ከተሞቹ ውስጥ ምሰሶና ቧንቧ ከቤቱ ይብሳሉ። የማንሻ ጥያቄው ለየተቋሙ በጽሑፍ ከነፕላኑ ይሂድ፣ ግምቱ ሲመጣ ቶሎ ይከፈል። አዲሱ ምሰሶ የሚተከልበትን ነጥብ ራስህ በችካል አሳይ፤ አለበለዚያ ከአስፋልቱ ተነስቶ ቦዩ መሃል ይተከላል፣ ሁለተኛ ማንሻ ትከፍላለህ። የቴሌ ፋይበር ያለበትን በእጅ አስቆፍረህ ጥልቀቱን ሳታይ ኤክስካቫተር አታስገባ።

ጣቢያ ዜሮ
እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ በ2016 የወጣው የአዋጁ ማሻሻያ በአሠራሩ ላይ ምን ለወጠ? የገረጋንቲና (ለመንገዱ የሚቆፈር ጠጠራማ አፈር) የድንጋይ ካባ ቦታስ በዚሁ ቆጠራ ይካተታል?

ቀመር
ማሻሻያው የካሣ ክፍያውን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። ስለዚህ ግምትህ ክልሉ በጀት ከመዝጋቱ በፊት ይድረስ፤ ሐምሌ 1 ካለፈ በኋላ የሄደ ጥያቄ ተጨማሪ በጀት ጠባቂ ነው። ገንዘቡ የዓለም ባንክ ከሆነ ደግሞ ሕጋዊ ይዞታ የሌለው ሰውም ለሠራው ንብረት ካሣ ያገኛል፤ የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅዱን ሳታነብ ቆጠራ አትውጣ።

የገረጋንቲ ቦታ ጊዜያዊ ነውና ለብቻው ቅጽ ይሠራለት። ካሣው መሬቱ እስኪመለስ በየዓመቱ ይታሰባል። ማን እንደሚከፍል ውሉን እይ። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተገፍፎ በአንድ ወገን ይከመር፣ ቁፋሮው ሲያልቅ ጉድጓዱ ተስተካክሎ ተመልሶ ይልበስ። ይህ ሳይደረግ ከቀረ መሬቱ አይታረስም፤ ገበሬው በጊዜያዊ ካሣ የጀመረውን ጉዳይ ወደ ቋሚ ያዞረዋል፣ 15 ዓመቱንም ትከፍላለህ። ርክክቡ ላይ ገበሬው ራሱ ሳይፈርም የተቋራጩን የመጨረሻ ክፍያ አትልቀቅ።