ለማርቆስ ብርድ ሂተር ይሻላል ወይስ ፋን?

አንዲት እህት ከደብረ ማርቆስ ጠይቃኛለች። ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይታለች። «ታኅሣሥ ሳይገባ የትኛውን ሂተር ልግዛ?» ነው ጥያቄዋ።

እህትዓለም፣ ሂተሩን ለጊዜው ተዪውና ቀና ብለሽ ኮርኒሱን እዪ። ሞቃት አየር ሽቅብ ነው የሚሄደው። ኮርኒሱ ከሌለ ወይም ከተቀደደ ያሞቅሽው ሁሉ ቆርቆሮውን ነክቶ ይቀዘቅዛል። ሌሊት ቆርቆሮው ያልበዋል፣ ንጋት ላይ አልጋሽ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ርካሹ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ነፋስ ይሰብራል፤ ግን አይጥ አይምረውም፣ እሳት ከነካውም አለቀ። ችፑድ ይሻላል። ጂፕሰም ያምራል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ግን ውሃ ጠጥቶ ይወርድብሻል። እኔ ብሆን አከራዩን «ከኪራዩ ይታሰብልኝ» ብዬ ችፑድ አስመታ ነበር። እምቢ ካለ ማዳበሪያው ይበቃል።

ወደ ሂተሩ እንምጣ። ሻጩ «ይሄኛው ብዙ አይቆጥርም» ቢልሽ አትስሚው። ቀይ ሆኖ የሚበራው፣ ፋን ያለውና የዘይቱ፣ ሦስቱም 2,000 ዋት ከሆኑ የሚበሉትም የሚሰጡትም እኩል ነው። ልዩነቱ ሙቀቱ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ቀይ ሆኖ የሚበራው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያሞቃል፤ ክፍሉን ግን እምብዛም። ፋን ያለው ክፍሉን ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋም ቶሎ ይበርዳል። የዘይቱ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ለመኝታ ቤት ምርጫዬ እሱ ነው።

የትኛውንም ብትገዢ በርካሽ ዲቫይደር አትሰኪው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የእኔ ዲቫይደር በሁለተኛው ቀን ቀለጠ፤ ሽታው ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪው፤ ሶኬቱ የሚሞቅ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ።

አሁን ፋኑ። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ፋን ተሸክሜ ወደ ማርቆስ ስመለስ ስቆብኛል። «እዚያ በርዶህ ነው በርዶልህ?» አለኝ። ፋን ግን አያበርድም፣ አያሞቅም፤ አየር ያንቀሳቅሳል፣ በቃ። ሁለት ክፍል ኖሮሽ አንዱን ብቻ የምታሞቂ ከሆነ ትንሿን የጠረጴዛ ፋን ብርዳሙ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጫት። ፊቷን ወደ ሞቃቱ ክፍል አዙሪ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ክፈቻት። ተገላቢጦሽ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ በታች ይጎተታል፤ ፋኗ እሱን ስትገፋው ሞቃቱ በበሩ አናት በኩል ይተካል። ካላመንሽኝ ቡና ስታፈዪ እጣኑን በሩ ላይ ያዢው። ከላይ ጭሱ ወደ ብርዱ ክፍል ይሄዳል፣ ከታች ወደ ሞቃቱ ይመለሳል። በዚያው እጣኑን በመስኮቱ ዙሪያ አዙሪው፤ ጭሱ የሚበተንበት ቦታ ነፋስ የሚገባበት ነው። መስታወቱ ዳር ከሆነ በስቱኮ ይደፈናል፤ የበሩ ሥር ከሆነ አሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ጋርጂው።

ይህን ያልኩት በኤሌክትሪክ ለምታሞቂ ነው። ከሰል ካለ ነገሩ ይለወጣል። መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ወደ ከሰል እንሮጣለን። «ጭሱ ካለቀ ደህና ነው» የሚባለው ግን ስህተት ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍም ሆኖ ሲቀላም ይወጣል። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ ይህን አያስቀርም። ከሰል ካስገባሽ መስኮት ይከፈት፣ ከመተኛትሽ በፊትም ምድጃው ውጭ ይውጣ። ራስሽን ካመመሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ «ብርድ መታኝ» ብለሽ አትከናነቢ፤ ወዲያው ወደ ደጅ ውጪ።

ከሰል ባይኖርም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ መስኮቶቹን አሥር ደቂቃ ያህል ክፈቻቸው። የታመቀው እርጥበት ይወጣል፤ ደረቅ አየር ደግሞ ለማሞቅም ይቀላል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። እንጀራ በምትጋግሪበት ሰዓት ሂተሩ ይጥፋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚበላ ሁለቱ አንድ ላይ ብሬከሩን ሊያወርዱት ይችላሉ። የምጣዱን ሙቀትም በፋን ወደ መኝታ ቤት ልግፋ እንዳትዪ። እንፋሎቱ አብሮ ይገባና ንጋት ላይ ቆርቆሮው እንደገና ጠብ ጠብ ይልብሻል።