ሴረም ላይ ምልክቱ የሚደክምብኝ ሴንሰር

ሰላም ወገኖች፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። በደም ውስጥ ያለን ፓራሲታሞል በኤሌክትሪክ የሚለካ ሴንሰር እየሠራሁ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል መድኃኒቱ ካርቦን ኤሌክትሮዱ ላይ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከረንቱ መጠኑን ይናገራል።

ፒኤች 7.4 ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ የመሞከሪያ ፈሳሽ) ውስጥ ግሩም ነው። ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ላይ ግን ምልክቱ በየልኬቱ እየደከመ ይሄዳል። አልቡሚንን የመሰሉ ፕሮቲኖች ኤሌክትሮዱ ላይ እየተለጠፉ ይመስለኛል። ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድም በተቀራራቢ ቮልቴጅ ኦክሲዳይዝ ስለሚሆን (ኤሌክትሮን ስለሚለቅ) ይደባለቅብኛል። እሱን ናፊዮን የሚባል ፖሊመር ኤሌክትሮዱን ብቀባ ይገፋልኛል፤ ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ፕሮቲኑንስ ምን ላድርገው?

ናሙናውን አስቀድሜ ባላጣራ እመርጣለሁ። ብዙ የፓራሲታሞል ኪኒን ለዋጠ ሰው ማርከሻው ጉበቱን በደንብ የሚያድነው ከዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ጊዜ የለም። ፕሮቲን የማያስጠጋ፣ እዚህ አገር የሚገኝ ሽፋን የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ስንት ጊዜ ልኬት እንደቻለላችሁም ጨምሩልኝ።