ከሱቅ ተነስቶ አገር የመራ ሰው አለ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ትንሽ ሱቅ አለኝ። ስለ ሰፈራችን ውሃ በስብሰባ ስናገር "አንተ ሚዛንህን ያዝ" አሉኝ። በጣም ከፋኝ። ከባንኮኒ ጀርባ ተነስቶ አገር የመራ ታውቃላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ቢሊ ሂውዝ አንብብ። በ1884 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ሄደ። ሲድኒ፣ ባልሜይን በምትባል ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ጃንጥላ ይጠግን፣ የፖለቲካ ጽሑፍም ይሸጥ ነበር። በ1894 ሲድኒ ያለችበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ምክር ቤት፣ በ1901 የፌዴራሉ ፓርላማ ገባ። በ1915 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ሌላ መልስ፦ የግዳጅ ውትድርናውንም ንገረው እንጂ። በ1916 እና በ1917 ወንዶች በግዴታ ይዝመቱ ወይ ብሎ ሕዝቡን ድምፅ አሰጥቶ ሁለቴም ተሸነፈ። ፓርቲውም ተሰነጠቀ። እኔ ይሄን አልወድለትም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጃንጥላ ጠጋኝ! ማታ ለልጄ እነግራታለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባም እጄን አወጣለሁ።