የ4 ዓመት ልጅ 500 ሜትር ሄዳ «እዘይኝ» ስትል፦ ስንፍና ነው ወይስ ሐኪም የሚያየው ነገር?

የሽሮ ሜዳ እናት

ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆኗታል። ከቤት እስከ ኬጂ 900 ሜትር ያህል ነው፤ የመጨረሻው 300 ሜትር ዳገት ነው። ጠዋት 500 ሜትር ገደማ ትሄድና ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ «እዘይኝ» ነው። ከሰዓት ስንመለስ ቁልቁለት ሆኖ እንኳ ግማሹን አትደርስም። የጎረቤት ልጆች ያንኑ መንገድ እየሮጡ ነው የሚጨርሱት።

የተወለደችው በ39 ሳምንቷ ነው። ብቻዋን መራመድ የጀመረችው በ16 ወሯ። ትሮጣለች፣ ግን ቶሎ ቶሎ ትወድቃለች። ደረጃ ስትወጣ እግር እያፈራረቀች ነው፤ ስትወርድ ግን አንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግሯን ሳታሳርፍ አትቀጥልም። ስትጫወት ጉልበቷን አጥፋ፣ ሁለቱን እግሮቿን በጎንና በጎን ዘርግታ፣ መቀመጫዋን መሬት አስነክታ ነው የምትቀመጠው። የእጅ ጣቶቿ ወደ ኋላ በጣም ይታጠፋሉ፤ ውስጥ እግሯ ጠፍጣፋ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ሁለቱንም ቅልጥሟን እንዳሽላት ትጠይቀኛለች፤ ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም። ትኩሳትም እብጠትም የለም፣ አታነክስም።

አያቷ «ሰነፍ ናት፣ ተያት ትለምዳለች» ይላሉ። መምህሯ የአጥንት ሐኪም ይያት ትላለች። ከየት ልጀምር?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ስንፍና የሚባለውን እንተወው። ጓደኞቿ ፊቷ እየሮጡ እሷ ቁጭ የምትል የ4 ዓመት ልጅ ሰውነቷ ደክሟት ነው። ጥያቄው ለምን ቶሎ ደከማት የሚለው ነው።

በ16 ወር መራመድ አልዘገየም። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ጤናማ ልጆች ብቻቸውን የሚራመዱበትን ጊዜ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ያደርገዋል። ደረጃ ላይ እግር እያፈራረቁ መውረድም ብዙ ልጆች በ4 ዓመት አካባቢ የሚለምዱት ስለሆነ ገና ጊዜ አላት።

ስንት ሜትር ሄደች የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ሲደክማት አረማመዷ እንዴት እንደሚለወጥ ነው የሚነግረን። በባዶ እግሯ፣ ቁምጣ ለብሳ፣ 10 ሜትር ያህል ስትሄድ በስልክ ቅረጫት፤ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከጎን። አንዱን ጠዋት ከቤት ሳትወጡ፣ ሌላውን «እዘይኝ» ባለችበት ሰዓት። ሁለቱን አከታትለሽ እዪ። የእግር ጣቶቿ ወደ ውስጥ ይዞራሉ? ጉልበቷ ወደ ኋላ ይለጠጣል? ሆዷ ወደ ፊት ይወጣል? ዳሌዋ እንደ ዳክዬ ይወዛወዛል? ከሁሉ በላይ ግራና ቀኟን አስተያዪ። አንዱ ክንድ እንደ ሌላው የማይወዛወዝ፣ ክርኑ የሚታጠፍ፣ ወይም የአንዱ ጫማ አፍንጫ ብቻ የሚበላ ከሆነ ቀላል የአንድ ወገን የነርቭ ችግር ሊሆን ይችላል፤ እሱ በሐኪም መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ መሬት ላይ በጀርባዋ አስተኚያትና «ቶሎ ተነሺ» በያት። አንድ እጅ መሬት ላይ ብታሳርፍ ችግር የለውም። በሆዷ ተገልብጣ፣ መቀመጫዋን ወደ ላይ አንስታ፣ እጆቿን በገዛ ጭኖቿ ላይ እየረገጠች እንደ መሰላል የምትነሳ ከሆነ ግን የዳሌና የጭን ጡንቻ ድክመት ምልክት ነውና ሳምንት ሳታሳልፊ ሐኪም ይያት። በወንዶች ልጆች ላይ ባታቸው ከመጠን በላይ ወፍሮ ይህ ከታየ የበለጠ ያስቸኩላል።

ሦስተኛ፣ በአንድ እግር ትቁም፤ በዚህ ዕድሜ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ይጠበቃል።

የጣቶቿን ነገር በቁጥር ለካው። ትንሿ የእጅ ጣት ወደ ኋላ ስትገፋ 90 ዲግሪ ካለፈች 1፣ አውራ ጣት ታጥፎ ክንድን ከነካ 1፣ ክርን ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከሄደ 1፣ ጉልበትም እንዲሁ 1። በግራም በቀኝም ስለሚቆጠር 8 ይሆናል። ጉልበቷን ሳታጥፍ መዳፏን ሙሉ መሬት ካስነካች 9ኛው ይጨመራል። በልጆች 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መገጣጠሚያዋ ልል ነው እንላለን። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ትንንሽ ልጆች ሁሉ ይተጣጠፋሉ። ግን ጅማት መያዝ ያለበትን መገጣጠሚያ ጡንቻ ሲይዘው፣ ያው 500 ሜትር ለእሷ ከጎረቤት ልጅ የበለጠ ሥራ ነው። የማታው የቅልጥም ሕመምም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር አብሮ ይመጣል።

የሕፃናት ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስፖርት ከመጀመሩ በፊት የደም ማነስና ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) መታየት አለባቸው። ሁለቱም በአገራችን ብዙ ናቸው፣ ሁለቱም በቀላሉ ይታከማሉ።

ፀሐይ ባለበት አገር ሪኬትስ ከየት መጣ የሚል ሰው አይጠፋም። ሕፃኑ ብርድና ቡዳ ተፈርቶለት ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ሲያድግ ፀሐይዋ ደጅ ብትኖር አትጠቅመውም። የእጇን አንጓ ከሌላ ልጅ ጋር አስተያይተው ይንኩ፤ ወፍሮ እንደ አምባር የሚገኝ ከሆነ፣ ደረቷ ላይ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ከተደረደሩ፣ ወይም ከ2 ዓመት በኋላ እግሯ እንደ ቀስት ከተቀሰተ የእጅ አንጓ ኤክስሬይና የካልሲየም፣ የፎስፌትና የአልካላይን ፎስፋቴዝ የደም ምርመራ ይታዘዛል። (በ3 እና በ4 ዓመት ጉልበት ለጉልበት መቀራረብ ግን የተለመደ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል እስከሆነ ድረስ አያስጨንቅም።) ሪኬትስ ከተረጋገጠ ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ቢያንስ ለ12 ሳምንት፣ ከቀን 500 ሚሊግራም ካልሲየም ጋር ነው። ሳይረጋገጥ በግምት አይሰጥም።

የደም ማነስን ከሚያሳየው ከሄሞግሎቢን ጋር ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራ አብረው ያሠሩ። የጡንቻ በሽታ ያለበት ልጅ ኤኤስቲና ኤኤልቲ (ለጉበት ተብለው በደም የሚለኩ ኢንዛይሞች) ከፍ ብሎ ሲታይ «ጉበቱ ነው» ተብሎ የሚንከራተትበት ጊዜ አለ፤ እነዚያ ከጡንቻም ይወጣሉ።

የማታ ሕመሟ ሁለቱም እግር ላይ ስለሆነ፣ በማሸት ስለሚተዋትና ጠዋት ስለማይኖር የሚያስፈራ አይመስልም። የሚያስቸኩለው ሌላ ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ የሚያማት፣ ጠዋት ተነስታ የሚገትራት ወይም የሚያስነክሳት፣ ከትኩሳት ጋር እግሯን አልረግጥም ያለች፣ ከዚህ በፊት ትችለው የነበረውን የተወች። በተለይ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች «ጉልበቴን» እያሉ ችግሩ ዳሌ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉልበት አይቶ ዳሌን ሳይመረምር የሚሸኝ ሐኪም ካጋጠመዎት ዳሌዋንም እንዲያይ ይጠይቁ።

የሽሮ ሜዳ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን አድርጌያለሁ። የመገጣጠሚያ ነጥቧ 7 ነው። በቀኝ እግሯ 4፣ በግራዋ 3 ሰከንድ ቆመች። ስትነሳ ጭኗን አትይዝም። ከደከማት በኋላ በተቀረጸው ላይ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ዞረዋል፣ ጉልበቷ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሲኬ፣ ካልሲየምና አልካላይን ፎስፋቴዝ ደህና ናቸው፤ ሄሞግሎቢን 10.4 ነው። ክብደቷ 15 ኪሎ። ቁርሷ ብዙ ጊዜ ዳቦ በሻይ ነው።

የሕፃናት ሐኪም፣ አዲስ አበባ

እንግዲህ ከድካሟ ከፊሉ እዚህ አለ። ለዕድሜዋ 11 የሚባለው ወሰን ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ወሰኑ ከፍ ይላል፤ 10.4 ወረቀቱ ላይ ከሚመስለው የባሰ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው።

የብረት መድኃኒት በኪሎ 3 ሚሊግራም በቀን ይታሰባል፤ ለ15 ኪሎ 45 ሚሊግራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው አንዳንዴ የጨዉ ሙሉ ክብደት እንጂ የብረቱ አይደለም። ስለዚህ በሐኪሟ ትእዛዝ ወስደው «ንጹሕ ብረቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ነው?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ሰገራዋ ቢጠቁር አይደንግጡ። ጠርሙሱን ግን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ በአንዴ ብዙ ከጠጣችው አደገኛ ነው። በ4 ሳምንት ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ከፍ ማለት አለበት። ካልጨመረ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከተስተካከለ በኋላም የብረት ክምችቷ እንዲሞላ ከ2 እስከ 3 ወር ይቀጥላል።

ሻዩ ከምግብና ከመድኃኒቱ ጋር አይሂድ፤ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ወተትም ከመድኃኒቱ ጋር ጥሩ አይደለም። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውኃ ይስጧት።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

ደሟ እየተስተካከለ መንገዱን እንዲህ ጀምሪ። አረማመዷ የሚበላሸው 500 ሜትር ላይ ስለሆነ 300 ሜትር ላይ አሳርፊያት። ሳትጠይቅሽ ነው የምታሳርፊያት፤ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ትበል፣ ውኃ ትጠጣ። ከዚያ 300። ከዚያ ዳገቱን በየ100 ሜትሩ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማዘል የግድ ከሆነ መሃል ላይ እዘያትና የመጨረሻውን 200 ሜትር በእግሯ ትግባ። ደክሟት ስታለቅስ የምትታዘል ልጅ የምትማረው ሲደክም ማልቀስን ነው፤ ሳይደክማት ታዝላ በእግሯ በር የምትደርስ ልጅ ግን ጨረስኩ ትላለች። ሳታርፍ የምትሄደውን በየሳምንቱ 50 ሜትር ጨምሪ። በዚያ ሳምንት የማታው ሕመም ከበዛ ወደ ቀደመው ሳምንት ተመለሺ እንጂ አታቁሚ።

ጡንቻ የሚሠራላት ጨዋታ በሳምንት ከ4 እስከ 5 ቀን፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ ለዳሌዋም ለሚዛኗም ከማውቀው ሁሉ ይበልጣል፤ በአንድ እግር መዝለል ካቃታት በሁለት እግር ትጀምር። 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ወይም ወፍራም ጣውላ ላይ ቆማ በቀስታ መውረድ፣ በእያንዳንዱ እግር 5 ጊዜ፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ «ጉልበትሽ ትንሿን የእግር ጣትሽን ይይ» በያት። ደረጃ መውረዷም በዚሁ ይስተካከላል። በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ግድግዳ ላይ ስዕል መለጠፍም ለባቷ ጥሩ ነው። ልል መገጣጠሚያ ያላትን ልጅ አትለጥጫት፤ ጣቷን ወደ ኋላ እያጠፈች እንግዳ እንድታስቅም አይደረግ።

የድጋፍ መሣሪያና ጫማ ሠሪ፣ ደሴ

ጫማዋን ማንም አላነሳም። ማታ ላይ ካርቶን ላይ አቁሚያት፣ ሁለቱንም እግር በእርሳስ ክበቢ፣ ትልቁን ቆርጠሽ ይዘሽ ሂጂ። ካርቶኑ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ገብቶ ከፊቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መቅረት አለበት። «ታድግበታለች» ተብሎ በሁለት ቁጥር የሚገዛው ጫማ ግማሹ ድካም ነው፤ እንዳይወልቅባት ጣቶቿን እያጠፈች ትጎትተዋለች፣ ትወድቃለችም። ነጠላ ጫማም እንዲሁ።

ተረከዝ የሚይዘውን ክፍል በአውራ ጣትሽ ጨምቂው፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ተዪው። ሶሉ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ሥር ነው፤ መሃሉ ላይ ለሁለት የሚታጠፍ ጫማ አይጠቅማትም። ማሰሪያ ይኑረው። ሰልባጅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጫማ የሌላ ልጅ አረማመድ ይዞ ነው የመጣው።

ጠፍጣፋ እግሯን በተመለከተ፣ በጣቶቿ ጫፍ ስትቆም ከውስጥ በኩል ቅስት ከወጣ ልዩ ሶል አያስፈልጋትም። ሶል ቅስት አይሠራም፤ የሚታዘዘው እግሩ ሲያም ነው። ቅስት የማይወጣ፣ የደረቀና የሚያም ከሆነ ግን የአጥንት ሐኪም ይየው።

የልጆች ፊዚዮ፣ ለንደን

እዚህ ያሉ ወገኖች ካነበቡት፦ በእንግሊዝ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ይመከራል፤ ቆዳችን ጠቆር ስለሚል ለእኛ ልጆች ይበልጥ ያስፈልጋል። ሌላው ጋሪው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጋሪም በጀርባም ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን በድምሩ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይላል። ቀኑን ሙሉ በጋሪ የዋለ ልጅ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ ቶሎ ቢደክመው በሽታ ላይሆን ይችላል።

የሽሮ ሜዳ እናት

ጫማዋን ለካሁት፤ ከፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተርፏል። ነገ እቀይረዋለሁ። አንድ ቀረኝ፦ አቀማመጧን ልከልክላት?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

አትቆጪያት። የጭኗ አጥንት ወደ ውስጥ ዞር ያለ ስለሆነ እንደዚያ መቀመጥ ይቀላታል፤ ያ መዞር በብዙዎቹ እስከ 8 ወይም 10 ዓመት በራሱ ይቃናል። ረጅም ሰዓት እንዳትቆይበት ብቻ በርጩማ አቅርቢላት፣ መጫወቻዋንም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። በ8ኛው ሳምንት በአንድ እግር መቆሟን ለክተሽ፣ በዚያው ቦታ ያንኑ 10 ሜትር ቅረጪና እዚሁ ጻፊልን።