የወባ ኪቶቻችን የት ነው የሚያድሩት? ለጋራ ፕሮፖዛሉ የቀረቡ ሐሳቦች

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እንዴት ሰነበታችሁ። ፕሮፖዛሉ ዓርብ ያልቃል ብለናል። እኔ ግን መጀመሪያው ላይ ያለችውን «ተጨማሪ የወባ መመርመሪያ ኪት ይገዛ» የምትለዋን ወደ ኋላ እናድርጋት ባይ ነኝ። ያለን ኪትስ የት ነው የተቀመጠው? ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቆላ ቀበሌ ጤና ኬላ ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። ካርቶኑ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ክንድ አይርቅም። ቀን 8 ሰዓት ላይ 41 ዲግሪ አነበብኩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከ30 እንዳይበልጥ ነው።

አንዱን እዚያው ሞከርነው። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ጥርት ብላ ወጣች። «ይኸው ይሠራል» አለችኝ ባለሙያዋ። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው። ያቺ መስመር የምትነግረን ፈሳሹ እስከዚያ መድረሱንና ቀለሙ መያዙን ነው። ወባውን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ሌላ መስመር ላይ ነው ያለው፣ ሙቀት እሱን ሲያዳክመው መቆጣጠሪያዋ እንደ ድሮዋ ልትወጣ ትችላለች። ብዙ ተሐዋሲ ያለበት ሰው አሁንም ፖዘቲቭ ይሆናል። የሚያመልጠን ደሙ ውስጥ ጥቂት ያለበት፣ ትኩሳቱ ትናንት የጀመረው ልጅ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ደጀን ቆላ፦

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ግን ጥፋቱ የእኛ እንዳይመስል አድርጋችሁ ጻፉት። የእኔ ጤና ኬላ አንድ ክፍል ናት። መደርደሪያው ሌላ ቦታ አይገባም። ደግሞ መንገዱንም አስቡት፣ ካርቶኑ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሸራ ሥር ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚመታው ማንም አይመዘግብም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት ላይ ሰልፉ ሲረዝም ጊዜ ለመቆጠብ አምስት ስድስቱን የኪት መጠቅለያ ፎይል አስቀድሜ እቀድ ነበር። እርጥበቱ እንደሚጎዳው የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን በሽተኛው ፊቴ ካልተቀመጠ አልቀድም። ይህቺ ሥልጠናው ውስጥ ትግባ። ለሙቀቱ ደግሞ እንስራ ለምን አንሞክርም? ቤታችን ውሃ የሚቀዘቅዘው በእሱ ነው።

ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት፣ ደብረ ማርቆስ፦

ልጄ፣ የእንስራው ነገር ጥሩ ነው። ካምቦዲያ ውስጥ በውሃ ትነት የሚቀዘቅዝ ሳጥን ለእነዚሁ ኪቶች ተሞክሯል። ከየካቲት እስከ ግንቦት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ግን ብዙም አትጠብቂ። ካርቶኑ እርጥቡን ሸክላ እንዳይነካ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይግባ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የለመድነው ኪት ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ተሐዋሲ የሚይዘው ኤችአርፒ2 በሚባል የተሐዋሲው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ተሐዋስያን ተገኝተዋል፣ ስለዚህ ኤልዲኤች የሚባለውን ሌላውን የተሐዋሲው ፕሮቲን ወደሚፈልገው ኪት መሄድ አይቀርም። ኤልዲኤች ኪቶች ደግሞ በአብዛኛው ሙቀት የመቋቋም አቅማቸው አነስ ያለ ነው። ከአንዱ ችግር ስንወጣ ወደ ሌላው እንዳንገባ፣ ማከማቻው ከኪቱ ቀድሞ ይስተካከል። ይህን በግልጽ ጻፉልኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ጋሼ፣ የእርስዎን ሐሳብ መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ። እህቴ፣ «የአያያዝ ጉድለት» የሚለውን አውጥቼ «የማከማቻና የማጓጓዣ ችግር» ብዬዋለሁ።

አሁን እንዲህ ነው የቆመው። በስድስት ቆላ ጤና ኬላዎች ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ይሰቀላል፣ ጠዋትና ቀን 8 ሰዓት ይመዘገባል። በሦስቱ እንስራው ይሞከራል፣ ሦስቱ እንዳሉ ይቆያሉ። በየሁለት ወሩ ከእያንዳንዱ ጥቂት ኪት ጤና ጣቢያ ይመጣና ቀዝቃዛ ስቶር ውስጥ ከቆየ ተመሳሳይ ኪት ጎን ለጎን በአንድ ደም ይታያል። ደሙ በማይክሮስኮፕ የተቆጠረ፣ በማይክሮ ሊትር ወደ 200 ተሐዋሲ ያለበት ይሁን። ብዙ ያለበትን ደም ብንጠቀም የደከመውም ኪት ስለሚያልፍ ልፋታችን ከንቱ ነው። ኪቱ ኔጋቲቭ ብሎት ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ሁሉ ለስላይድ፣ ማለትም ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ፣ ይላክ የሚለውንም ጨምሬያለሁ።

የቀረኝ የቀበሌዎቹ ምርጫ ነው። ከጃቢ ጠህናን ሁለት አለኝ፣ ከደጀን ሁለት እህቴ ትንገረኝ። ከቡሬ በኩል ያላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉልኝ።